የድንጋይ መስመር

ወጥ ቤታችን መሳቢያ ውስጥ፣ ከሻማው ሥር፣ አንድ የኮሮና መመርመሪያ ቀርቶን ነበር። ልጄ ገና መዋለ ሕፃናት ሳለች በካርቶን ያድሉን ከነበረው የተረፈ ነው።

ያን ጊዜ ሥርዓቱ ግልጽ ነበር። ጠዋት ከቁርስ በፊት እንጨቷን አፍንጫዋ ውስጥ አስገብቼ አዞራለሁ፤ እሷ ታስነጥሳለች፤ ጠብታውን አንጠባጥበን እንጠብቃለን። አንድ መስመር ከወጣ ቦርሳ ይነሣል፣ ሁለት ከወጣ ቤት ይዋላል። ሰዉ ሲያማርር እኔ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ወድጄው ነበር። በሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት የተመለሱ መጻሕፍትን ወደየመደርደሪያቸው እየመለስኩ ነው የምውለው፤ አንድ ነገር ቦታው የት እንደሆነ ሲነገረኝ ነፍሴ ትረጋለች።

ከዚያ ምርመራው ቀረ። እኔ ጋ መጥቶ «ከእንግዲህ የለም» ያለኝ ሰው አላስታውስም። ካርቶኑ መምጣቱን ተወ፤ በየጠዋቱ በስልክ እንሞላው የነበረው ማረጋገጫም ጠፋ። ልጄ አንደኛ ክፍል ገባች። ዝናቡ ሲጀምር ልጆቹ ሁሉ ማሳል ጀመሩ፤ እናቶቹም በዎትሳፕ መነካከስ።

«ልጆቻችሁን የትኩሳት ሽሮፕ እያጠጣችሁ አትላኩብን» ብላ ጻፈች አንዷ። «ሽሮፑ ሲያልቅ ትኩሳቱ በእኛ ልጆች ላይ ነው የሚወጣው።»

«እሺ፣ ነገ ላምጣልሽና አንቺ ያዥልኝ» አለች ሌላዋ። «አለቃዬንም አንቺው አናግሪልኝ።»

ሦስተኛዋ ምን ለማለት እንደሆነ እንጃ፣ የልብ ሥዕል ላከች።

እኔ ሁሉንም አነበብኩ። ሁለቱም ልክ መሰሉኝ።

የአንደኛ ክፍል ልጆች ማንበብ ሲጀምሩ ትምህርት ቤቱ ለእያንዳንዳቸው ሲዱር፣ የጸሎት መጽሐፍ፣ የሚሰጥበት በዓል አለ። ልጆቹ ነጭ ለብሰው በየተራ አንዳንድ መስመር በቃላቸው ይላሉ፤ ቤተሰብ ይጋበዛል። ሲዱሩ የሚገባበትን የጨርቅ ልብስ የሚያዘጋጀው ወላጅ ነው። የእኛን እናቴ ሠራችው። እናቴ ፊደል አታውቅም። የልጄን ስም በነጭ ጨርቅ ላይ በእርሳስ ጻፍኩላት፤ እሷ በቀይ ክር ተከተለችው። መስኮት ሥር ተቀምጣ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ፣ «ይቺ ጅራቷ ወዴት ነው የሚዞረው?» እያለች ትጠይቀኝ ነበር። አንድ ፊደል ሦስት ጊዜ አስፈትቻታለሁ። አላማረረችም። «አንቺ ከልጅነትሽም እንዲህ ነሽ» ብቻ አለችኝ።

እኔ እዚህ፣ ዕብራይስጥ ወደሚነገርበት ሀገር፣ ስመጣ ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሀገር ቤት አልተማርኩም። በዕድሜዬ ልክ ክፍል ውስጥ አስቀመጡኝና ሌሎቹ ገጽ ሲገልጡ አብሬ እገልጥ ነበር። ዕብራይስጡን በቅጡ ያነበብኩት ሃያን ካለፍኩ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው። የአማርኛውን ፊደል ደግሞ ከዚያም በኋላ፣ ለብቻዬ። ስሜ የተጻፈበት መጽሐፍ በሕዝብ ፊት የሰጠኝ የለም። በዓሉ ጥቂት የእኔም ነበር። ይህን ለልጄ አልነገርኳትም።

የበዓሉ ቀን ጠዋት ጉንጮቿ ቀልተው ተነሣች። ሳሏን አፍናው እንደሆነ ከትከሻዋ አየሁት፤ ይነቀነቃል፣ ድምፅ ግን የለም።

«አታፍኚው» አልኳት።

«አላሳለኝም!» አለችና ወዲያው አሳላት።

ትኩሳቷን ለካሁት፤ ሠላሳ ስምንት ሊሞላ ትንሽ ነበር የቀረው። ባለቤቴ ክፋር ዮና ከተማ ባለ መጋዘን ይሠራል፤ ገና ሳይነጋ ወጥቷል። መሳቢያውን ከፍቼ ያንን የመጨረሻውን መመርመሪያ አወጣሁ። ጊዜው እንዳለፈበት ማሸጊያው ላይ አንብቤያለሁ። ሆኖም ሞከርኩት። ከልጄ ጋር ጎን ለጎን አጎንብሰን ጠበቅን፤ እንደ ድሮው።

«አንድ ነው!» ብላ ዘለለች። «እማ፣ አንድ ነው! እሄዳለሁ!»

እኔም ደስ አለኝ። ነጩን ቀሚስ አምጥቼ በራሷ ላይ ሳጠልቅላት አንገቷ እጄን አቃጠለው። ያኔ ቆም አልኩ። እንጨቱ የተጠየቀው ስለ ኮሮና ብቻ ነው፤ በዚያም ቢሆን የጃጀ ምስክር ነው። ስለዚህኛው ሳል የጠየቀውም፣ የመለሰውም የለም።

ለመምህሯ ደወልኩ።

«ሳል ብቻ ከሆነ አምጪያት» አለች፤ ከኋላዋ ወንበር ሲጎተት ይሰማል። «ግማሹ ክፍል እያሳለ ነው። የሚከለክል ነገር የለም።»

«ትኩሳትም አላት።»

«ብዙ ነው?»

«ብዙ አይደለም። አለ ግን።»

ከወንበሮቹ ጫጫታ ራቅ አለች። ከዚያ በጣም በለሰለሰ ድምፅ «አንቺ ታውቂያለሽ» አለችኝ።

ይህን ቃል በዕድሜዬ ሙሉ ስንት ሰው ብሎኝ ያውቃል? ከአውሮፕላን ከወረድኩ ጀምሮ ስለ እኔ የሚያውቁት ሌሎች ነበሩ፦ የት እንደምቀመጥ፣ የትኛው ክፍል እንደምገባ፣ መቼ እንደምመረመር። አሁን ለእኔ ለቀቁት።

አዳራሹን አሰብኩት። ፊት ለፊት የሚቀመጡት አያቶች ናቸው። ባለፈው ክረምት እናቴ ሳንባዋን ታማ ሆስፒታል ተኝታ ነበር፤ ሐኪሙ ሲያስወጣት «ጉንፋን እንኳ አጠገቧ እንዳይደርስ» ብሎኛል። እናቴን ቤት ባስቀር እንኳ፣ ያ አዳራሽ በሌሎች ሰዎች እናት የተሞላ ነው።

«አንሄድም» አልኩ።

«አንድ መስመር ነው እኮ!» ብላ ጮኸች። «አንቺ ውሸታም ነሽ! አንድ ከሆነ ይኬዳል ብለሻል!»

ብያለሁ። ለዓመታት ብያለሁ። ከነቀሚሷ አልጋ ሥር ገብታ አለቀሰች፤ ለቅሶው ሳሉን ቀሰቀሰው፣ ሳሉ ለቅሶውን። እናቴ ከቤት ሳትወጣ ልደውልላት ስልኬን ሳነሣ በሩ ተንኳኳ።

እናቴ ሁልጊዜ ቀድማ ነው የምትመጣው። ከሺኩን ቫቲኪም ሰፈር በመጀመሪያው አውቶቡስ ተሳፍራ፣ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ በአንድ እጇ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ፣ በሌላው የሲዱሩን ልብስ በላስቲክ ይዛ ቆማለች። የእናቴ ሰላምታ የታወቀ ነው። ልጄ ጉልበቷን ትስማለች፤ እሷ ደግሞ ግንባሯን ይዛ «እደጊ፣ እንትፍ! ተመረቂ፣ እንትፍ!» ትላታለች። ልጄ «ኢኽ! ሳፍታ!» ብላ ግንባሯን በእጅጌዋ ትጠርጋለች። ሳፍታ ማለት በዕብራይስጥ አያት ነው። በኮሮናው ጊዜ ያ ምርቃት ቀርቶ ነበር፤ ሲያልፍ እናቴ መጀመሪያ ያስመለሰችው እሱን ነው።

በሩን ገርበብ አድርጌ በእግሬ ያዝኩት። «ቁሚ እማዬ። እንዳትገቢ።»

ፊቷ ተለወጠ። «ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ልጅቱን አሟታል።»

«ካመማትማ ልግባ እንጂ! የታመመ ሰው ጥለሽ ሂጂ ትይኛለሽ? ምን ጉድ ነው!»

«ሳል ነው፣ እማዬ። ትኩሳትም አላት። ሐኪሙ ያለሽን ረሳሽው?»

«ሐኪሙ እኔን ነው ያለው፤ ልጅቱ ብቻዋን ታልቅስ አላለም።» ከውስጥ ለቅሶው ይሰማታል። በሩን በትከሻዋ ልትገፋው ስትል አየኋት፤ ከዚያ ግን ዳቦውን ወደ ደረቷ አስጠግታ አሰበች። «የጓሮ በራችሁ ይከፈታል?»

ምድር ቤት ነው የምንኖረው። በመስተዋት በር ወደ ትንሽ ግቢ እንወጣለን።

«ይከፈታል።»

«እንግዲያው በዚያ ዞሬ እመጣለሁ። ድንጋይ አዘጋጂልኝ።»

«የምን ድንጋይ?»

«ምን የምን ድንጋይ ትይኛለሽ! ድንጋዩን ረስተሽው ነው?» ብላ ዞራ ሄደች።

አልረሳሁትም፤ ከዚህ ቤት ጋር አላገናኘሁትም እንጂ። በመንደራችን ሴት የወር አበባዋ ሲመጣ ከቤቷ ወጥታ ዳር ላይ ባለች ጎጆ ትቀመጥ ነበር። የመርገም ጎጆ እንላታለን። በጎጆዋ ዙሪያ ድንጋይ ይደረደራል። ከድንጋዩ ውስጥ ያለችውን የሚነካት የለም፤ የነካት እንደ እሷው ውስጥ ይቆጠራል። ምግቧን ከድንጋዩ ዘንድ አስቀምጠው ይመለሳሉ፤ እሷ ወጥታ ታነሣለች። እዚህ ስለዚያች ጎጆ ክፉም ደግም ሲባል ሰምቻለሁ። እኔ የማስታውሰው ራት የማደርሰው እኔ መሆኔን ነው። ሳህኑን አስቀምጬ መሄድ ሲገባኝ ከድንጋዩ ወዲህ ቁጭ እላለሁ፤ እናቴ ከወዲያ ቁጭ ትላለች። «ናፈቅሽኝ» ስላት «ነይ እስቲ ጸጉርሽን በዓይኔ ልሥራሽ» ትለኝና በዓይኗ እየከፈለች፣ በአፏ «አንዱን ወደዚህ፣ አንዱን ወደዚያ» እያለች፣ ልክ እጇ ጸጉሬ ውስጥ ያለ ያህል እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

ልጄ ከባሕሩ ዳርቻ የለቀመቻቸው ድንጋዮች በባልዲ ነበሩን። ለስላሳ ናቸው። ባልዲውን ይዤ ስወጣ ማልቀሷን አቁማ ከአልጋው ሥር ብቅ አለች።

«የኔን ድንጋይ ምን ልታደርጊው ነው?»

«ሳፍታ ትፈልገዋለች።»

በመስተዋቱ በር ደፍ ላይ አብረን ደረደርናቸው። እናቴ ግቢው ውስጥ ፕላስቲክ ወንበር ስባ፣ ራቅ ብላ፣ ነፋሱን ፊት ለፊት ሳይሆን በጎን አድርጋ ተቀመጠች።

«ያቺ ድንጋይ ከመስመር ወጥታለች» አለች በጣቷ እያሳየች። «ክፍተት አትተዉ።»

ሻይ ይዤላት ልሻገር ስል ጮኸችብኝ። «ወዴት? አንቺም ውስጥ ነሽ! ነክተሻታል።»

ልክ ናት። ሻዩን ራሴ ጠጣሁት። ድሮ እሷ ውስጥ፣ እኔ ውጭ ነበርን።

ለልጄ የጎጆዋን ነገር ነገረቻት። ልጄ አፏን ከፍታ ሰማች።

«ታመሽ ነበር?»

«ኧረ አልታመምኩም! ያለ እሱ ዕረፍት የት አገኛለሁ? ማንም ውኃ ቅጂ፣ እንጨት ልቀሚ አይለኝም።»

«ምግብ ማን ያመጣልሽ ነበር?»

«ይቺ እናትሽ ናታ! ግማሹን መንገድ ላይ በልታው ነው የምታደርሰው።»

«እማዬ!»

«ውሸት ነው?»

ልጄ ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ሳል ዞረ፤ እናቴ ሳሉ እስኪያልፍ ፊቷን አዞረች። ከዚያ ተነሥታ ዳቦውንና የሲዱሩን ልብስ ድንጋዩ ላይ አስቀምጣ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ልጄ ልብሱን አንሥታ ቀዩን ስሟን በጣቷ ተከተለችው።

«ውስጡ ባዶ ነው» አለች፤ ልብሱን ከፍታ አሳየቻት።

«ይሞላል» አለች እናቴ። «እስቲ መጀመሪያ ጸጉርሽን እንሥራው። ለበዓል እንዲህ ተንጨባሮ ይኬዳል?»

ልጄን ጉልበቴ መሀል አስቀመጥኳት። እጁ የእኔ ነው፤ የሠራችው ግን እናቴ ናት። «ግራውን ጠበቅ። አይ፣ ተጣመመብሽ፤ ፍቺው።» አንዱን ሹሩባ ሦስት ጊዜ አስፈታችኝ። ስለ ፊደሉ እንደተበቀለችኝ ገባኝ፤ እሷም እንደገባኝ ገባትና በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች።

ከዚያ ልጄ ከድንጋዩ ወዲህ ቆማ፣ በነጭ ቀሚሷ ላይ ሹራብ ደርባ፣ ለበዓሉ ያጠናችውን መስመር አለችላት። መሀሉ ላይ አሳላት፤ ከመጀመሪያው ጀመረች። እናቴ ቃሉን በሙሉ አልሰማችው ይሆናል፤ ጆሮዋም እንደ ድሮው አይደለም። ስትጨርስ ግን ብድግ ብላ እጆቿን ወደ ልጄ ዘረጋች።

«እደጊ!» አለች። «እን...» ብላ አቆመች። ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

«ምራቄን ዋጥኩት» አለች። «ቃሉን ብቻ ውሰጂ። ምራቁ ይቆይልሻል።»

ከሰዓት በኋላ የበዓሉ ፎቶዎች መጡ። ልጆቹ ተደርድረው ሲዱራቸውን ደረታቸው ላይ ይዘዋል። አንዱ አፉን በክንዱ ሸፍኖ እያሳለ ነው። በማግስቱ ማን እንደታመመ፣ ማን እንዳልታመመ አልጠየቅኩም። ልጄን ብልካት ምን ይሆን እንደነበር የሚነግረኝ መስመር የለም፤ ያለ እሱ መኖርን እየተለማመድኩ ነው። ልጄ ፎቶውን ረጅም ጊዜ አይታ፣ ስልኩን በግንባሩ ደፍታ መለሰችልኝ።

ትኩሳቱ ሲለቃት ትምህርት ቤት ተመለሰች። መምህሯ በክፍሉ በር ላይ ሲዱሩን ሰጠቻት፤ ያለ ዘፈን፣ ያለ አዳራሽ። ሳሉ ግን ደረቅ ሆኖ ሰነበተ፤ ድንጋዮቹም ከደፉ አልተነሡም። እናቴ እየመጣች ግቢው ውስጥ ትቀመጣለች፤ ሳሉን ታዳምጣለች፤ ትሄዳለች። መቼ እንደምትሻገር እኔም አልጠይቃት፣ እሷም አትነግረኝ።

አንድ ቀን መጥታ ወንበሩን አልሳበችም። ልጄ በሩ ላይ ቆማ ስለ ክፍሏ ታወራታለች። እናቴ ልጄ አውርታ እስክትጨርስ ጠበቀችና ወደ እኔ ዞረች።

«ሌሊትስ?»

«ሌሊት ካሳላት ሰነበተ።»

«ታዲያ አንቺ ምን ትያለሽ?»

የልጄን አንገት በእጄ ዳሰስኩት። «ደህና ናት» አልኩ።

ልጄ ባልዲውን አምጥታ ድንጋዮቿን አንድ በአንድ መለሰች። የመጨረሻው ሲነሣ እናቴ ተሻግራ ገባች። ልጄ ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ሳመች፤ ቀና ስትል ሲዱሩን በቀይ ስሟ ልብስ ውስጥ እንዳለ ወደ ላይ አነሣችላት።

«እሱ ላይ አይደለም፣ ሳፍታ! እኔ ላይ ብቻ!»

«አውቃለሁ እኮ» አለች እናቴ። ግንባሯን በሁለት እጇ ያዘች። «እደጊ፣ እንትፍ! ተመረቂ፣ እንትፍ! ይህ ደግሞ የሰነበተው ነው፣ እንትፍ!»

ልጄ ዓይኗን ጨፍና ተቀበለችው። እጅጌዋን ስታነሣ ትጠርገዋለች ብዬ ነበር፤ አፍንጫዋን ብቻ አክካ መልሳ አወረደችው።