የአራት ኮርድ ሰው

ዘምዘም ሳምንቱን ሙሉ ሰው ቤት ስትሠራ ትከርምና ዓርብ ዓርብ ካርቱም ሳጃና ሰፈር ካለው የሐበሾች ሻይ ቤት ብቅ ትላለች። እዚያ ጊታር የሚጫወተው ሰውዬም አይቀርም። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ጊታሩን በዱቄት ጆንያ ጠቅልሎ ይመጣል። ቀለም ቀቢ መሆኑን ጥፍሮቹ ያሳብቁበታል፤ ስሙን ግን የጠየቀው የለም።

ጊታር የጀመረው ካርቱም ከገባ በኋላ ነው። የሚያውቀው አራት ኮርድ፣ አራት የጣት አያያዝ ብቻ ሲሆን በነዚያው አራት፣ በዚያው ተራ፣ ሠላሳ ዘፈን ለምዷል።

“ይሄ ቅድም የዘፈንከው አይደለም?” ትለዋለች ዘምዘም።

“ግጥሙን ስሚው እንጂ እህቴ” ይላል ሳይቀየም። “እኛ የፒያሳ ልጆች እንዲህ ነው የምንጫወተው።”

ፒያሳ ተወልዶ ፒያሳ ማደጉን ሳያነሳ ያለፈ ዓርብ የለም።

ዛሬ ልትፈትነው ብላ የአገሯን የወሎን የሰርግ ዘፈን ጠየቀችው። “ቀላል ናት” ብሎ ጀመረ። ዘፈኗ ግን ለአራቱ አልገዛም አለች። ሁለቴ ሞክሮ ሲያቅተው ኮርዱን ተወና የጊታሩን ሆድ እንደ ከበሮ እየመታ ቀጠለ። ዓይኑን ጨፍኖ ሙሽራዋን በቅሎ ላይ አወጣ፣ ወንዙን አሻገረ፣ ዘምዘም ከራሷ መንደር ውጭ ሰምታው የማታውቀውን ስንኝ ሳይቀር አወረደው።

ሲጨርስ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

“ፒያሳም ሙሽራ በበቅሎ ነው የምትሄደው?”

ሰውዬው ቀና ብሎ አላያትም። ጣቶቹን አንድ በአንድ ወደ መጀመሪያው ኮርድ መለሰና “ያላ፣ ሌላ ምረጡ” አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

“ለወንዙ ድልድይ ሠሩለት?” ሲል ጠየቃት።