ትውጣለች ብለሽ ጻፊልኝ

በፓኪስታኗ ሙልታን ከተማ፣ በዘር የሚተላለፍ ሕመም በሚታይበት ክሊኒክ፣ ነርሷ ናሂድ በቅጹ ላይ ያሉትን ምልክቶች ጠይቃ ሳትጨርስ አንዲት እናት መልስ መስጠት ጀመረች። ጠርዙ የተበላ ጥቁር ሻል ለብሳ፣ የአራት ዓመት ልጇን እንደ ጨቅላ ታቅፋታለች።

«የጡንቻ መላላት አለ። ሚዛን መጠበቅ አለመቻል አለ። የዓይን መርገብገብ አለ። የሚጥል ሕመም ገና ነው።»

ሐኪሞች በየአገሩ እንዲግባቡባቸው የተስማሙባቸው፣ ቅጹ ላይ የሰፈሩት ቃላት ራሳቸው ነበሩ፤ አንዱንም አላዛነፈችም።

«የት ተምረሽ ነው፣ እህቴ?» አለቻት ናሂድ።

«ምን ተምሬ። ሁለቱን ወንድሞቿን ከመቅበሬ በፊት፣ እዚሁ ሲጻፍባቸው እየሰማሁ ነው የያዝኩት።»

ከቅጹ ምልክቶች አንዱን ግን ዘላዋለች።

«መዋጥስ ያስቸግራታል?»

«ኧረ በደንብ ትውጣለች።» ከቦርሳዋ ብስኩት አውጥታ፣ በውሃ አርሳ አጎረሰቻት። ልጅቷን ትን አላት፤ ከንፈሯ ጠቆረ። ትንፋሿ እስኪመለስ እናትየው ጀርባዋን መታ መታ አደረገችላት፤ አፏንም በሻሏ ጫፍ ጠረገች።

«ቸኩዬ ስላጎረስኳት ነው። ትውጣለች ብለሽ ጻፊልኝ፣ እባክሽ። የወንድሞቿ መጨረሻ የጀመረው በዚህ ነው።»

ናሂድ ቅጹ ላይ «የመዋጥ ችግር» ከሚለው ፊት ለፊት፣ «አለ» በሚለው ላይ ምልክት አደረገች። ሴትየዋ ብዕሩ የት እንዳረፈ አየች። የተረፈውን ብስኩት በመጠቅለያው መልሳ ጠቅልላ ወደ ቦርሳዋ መለሰችው።