አያቴ ሹሩባ የተማረበት ዓመት

አያቴ አርሊስ ኖብል ቅዱስ አልነበረም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። እኛ አገር ሰው ሲሞት ወዲያው ጻድቅ ይሆናል። በቁሙ ሰላም የነሱት ሁሉ መቃብሩ ላይ ቆመው ክንፍ ይተክሉለታል። አያቴ ግን ትንባሆ ያኝክ ነበር፣ በረንዳው ላይ ይተፋ ነበር፣ ከገዛ ወንድሙ ጋር ድንበር ላይ በበቀለች አንዲት የፖም ዛፍ ተኳርፎ ስድስት ዓመት አልተነጋገረም። ፖሙ ደግሞ ቢሰጡህ የማትበላው ኮምጣጣ ነበር። እልኸኛ ነው። እኔም የወጣሁት እሱን ነው ይሉኛል፤ ስድብ ይሁን ምርቃት እስከ ዛሬ አልገባኝም።

የተወለደው በኬንታኪ ተራሮች መሃል፣ የላውረል ጅረት በሚወርድባት ጠባብ ሸለቆ ነው፤ የሞተውም እዚያው ነው። አሥራ ሁለት ዓመቱ ላይ አባቱ እንጨት ሲቆርጡ ግንድ ወደቀባቸው። አሥራ አራት ሲሞላው ከሰል ጉድጓድ ገባ። ከዚያ ወዲያ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ብርዱ በገባ ቁጥር ፀሐይን የሚያያት እሑድ እሑድ ብቻ ነበር። የጉድጓዱ ጣሪያ ዝቅ ያለ ስለሆነ ቆመው አይቆፍሩም፤ በጉልበታቸው ተንበርክከው ነው። ልጅ ሆኜ ጉልበቱን በጣቴ ሳንኳኳው እንደ በር ይጮህ ነበር፣ እሱም "ማን ነው?" ይለኛል። መጨረሻ ላይ ሳንባውን ከሰሉ በላው። ይህን ሁሉ ግን አንድ ቀን እንኳ መከራ ብሎ ሲጠራው አልሰማሁም፤ ሥራ ነው የሚለው።

መከራ ብሎ የሚጠራት አንዲት ዓመት ነበረች። ስለዚያች ዓመት የነገሩኝ እናቴና ታላቅ እህቷ ኦፓል ናቸው። እሱ ራሱ ከተጠየቀ ባርኔጣውን አንስቶ ውልቅ ነው።

ሚስቱ ዴልፊያ በየካቲት ወር በታይፎይድ ሞተች። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ሦስት ሴት ልጆች ትታለት ሄደች፤ ኦፓል ዘጠኝ ዓመቷ፣ ሪቫ ስድስት፣ እናቴ አይቫሊ ገና ሦስት። እናት የሞተችበትና እናት ገበያ የሄደችበት እኩል ያለቅሳሉ ይባል የለ? እናቴ በአንድ ራሷ ሁለቱንም ነበረች። እናቷ ሱቅ የሄደች መስሏት በር በሩን እያየች ታለቅስ ነበር።

እኛ ዘንድ ሰው በብርድ ወራት ከሞተ ይቀበራል እንጂ ስብከቱ አይሰበክለትም። መንገዱ ጭቃና በረዶ ነው፤ ሰባኪዎቹ ከየተራራው መውረድ አይችሉም። ስብከቱ ለነሐሴ ይቀጠራል። ያኔ ዘመድ ከያለበት ይሰበሰባል፣ ለሟች እንደ አዲስ ይለቀሳል፣ እዚያው መቃብሩ አጠገብ ሣር ላይ ምሳ ይበላል። የቤተሰብ ነገርም ካለ የሚቆረጠው ያን ቀን ነው።

ዴልፊያ በተቀበረች በሳምንቱ ታላቅ እህቷ ሉቬኒያ ከሸንተረሩ ማዶ መጣች። ሉቬኒያ ባል አላት፣ ላም አላት፣ ከእንጨት የተሠራ ጥሩ ወለል ያለው ቤት አላት። ልጅ የላትም። ሦስት ወልዳ ሦስቱንም ዓመት ሳይሞላቸው ቀብራለች። መጣችና ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ ተቀመጠች።

"አርሊስ፣ ወንድ ብቻውን ሴት ልጅ አያሳድግም" አለችው። "ኦፓል ወንድምህ ቤት ትግባ። ሪቫን እናቴ ትውሰዳት። ትንሿን እኔ እወስዳለሁ።"

"ቡችሎች አይደሉም" አለ አያቴ።

"ቡችሎችማ ቢሆኑ ተላላሱ እንላቸው ነበር። ሰው ናቸው፤ ማን ያበጥራቸዋል?"

ስድስት ቀን ከመሬት በታች የሚውል ሰው ምን ይመልሳል? አያቴ፣ "እስከ ነሐሴ ተዪኝ" አላት። "በስብከቱ ቀን ዘመድ ፊት እይኝና፣ ካልቻልኩ እኔው ራሴ ዕቃቸውን እሸክምልሻለሁ።"

"እስከ ነሐሴ" አለች። "ከዚያ ወዲያ ግን አንድ ቀን አልጨምርም።"

እንግዲህ ዴልፊያ በሕይወት ሳለች ልጆቿ የሚታወቁት በሹሩባቸው ነበር። ከጆሮ ጀርባ የሚነሳ ሁለት ጉንጉን፣ አናት ላይ ዞሮ የሚጠላለፍ፤ ለእኛ ሸለቆ ያ ማለት እናት ያላት ልጅ ማለት ነው። እሷ ከሞተች በኋላ ኦፓል ሳጥን ላይ ቆማ ቦሎቄ ትቀቅላለች፣ የበቆሎ ቂጣ ትጋግራለች፣ ልብስ ታጥባለች፤ ፀጉር ላይ ግን አልደረሰችም። ልጅ አይደለች? በሚያዝያ ሪቫ ከትምህርት ቤት ቅማል ይዛ መጣች። ሉቬኒያ ይህን ሰማች። አያቴ ጉድጓድ በዋለበት ቀን መቀስ ይዛ መጥታ የሪቫን ፀጉር ከሥሩ ሸለተችው። በክፋት አይደለም፤ ይህንንም ልናገርላት ይገባል። ለቅማል ሌላ መድኃኒት አታውቅም ነበር።

አያቴ ሲገባ ሪቫ አልጋ ሥር ናት። ኦፓል ብትለምናት እምቢ፣ በቂጣ ብታባብላት እምቢ።

"ሪቫ፣ ውጪ የኔ ልጅ።"

"አልወጣም። ወንድ ሆኛለሁ።"

አያቴ ፊቱን እንኳ አልታጠበም ነበር። ከሰሉን እንደተለቀለቀ ወለሉ ላይ ተጋደመ፤ አልጋው ሥር ለመግባት ትከሻው አልፈቀደለትም፣ እጁን ብቻ ሰደደ። ሪቫ ጣቱን ያዘች። እራት ሳይበላ እዚያው ተኝቶ ቆየ። ኦፓል እንደነገረችኝ፣ አባቷ ሲያለቅስ ያየችው ያኔ ብቻ ነው፤ በእናታቸው ቀብር ላይ እንኳ አላለቀሰም።

በማግስቱ ማበጠሪያ አነሳ። ግን ያ እጅ! አካፋና ድማሚት የለመደ እጅ ነው፤ እናቴን አንዴ ሲነካት ጩኸቷ ማዶ ተሰማ። ሁለተኛ ማበጠሪያ ስታይ ጠረጴዛ ሥር መግባት ጀመረች። ጎረቤት ሴት አስተምሪኝ እንዳይል፣ የሚስቱ አፈር ሳይደርቅ ሴት ቤት ተመላለሰ ይሉታል። የእኛን ሸለቆ አፍ አታውቁትም። ስለዚህ ወደ በቅሎዋ ሄደ።

ቤክ የምትባል አሮጌ ቡላ በቅሎ ነበረችው። ጭራዋ ረጅም ነው፣ አትጮህም፣ ለማንም አትናገርም። ከሥራ ሲመለስ ጋጣ ገብቶ ከጀርባዋ ድንጋይ ላይ ይቀመጥና፣ ቀኙን በመሃሉ፣ ግራውን በመሃሉ፣ እያለ ይጎነጉናል። ይፈታል፣ እንደገና ይጎነጉናል። ጭራዋን ሲጎትታት ትራገጣለች፤ እጁ ቀለል ሲል ዝም ትላለች። አስተማሪው እሷ ሆነች ማለት ነው። ግንቦትና ሰኔ በዚህ አለቁ።

አንድ ቅዳሜ ከሥራ መልስ በቆሎ ጭኖ ወፍጮ ቤት ሲሄድ ጭራዋን መፍታት ረሳ። ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል። ወፍጮ ቤት ደጃፍ ላይ ክሪት የሚባል ነገር ፈላጊ ጎረቤታችን ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጧል።

"አርሊስ፣ ሙሽሪትን ለማን ልትድራት ነው?" አለ ክሪት።

"ላንተ አይደለም፤ ቤተሰቦቿ ዘር ይመርጣሉ።"

"እንዴት ያለ ሹሩባ ነው እባካችሁ!"

"ከሚስትህ በለጠ ብለህ ነው የከፋህ?" አለና አያቴ በቆሎውን ተሸክሞ ገባ።

የሳቁት ሳቅ የዋዛ እንዳይመስላችሁ፤ እስከ ማታ ሸለቆው ሁሉ ሰምቷል። ሉቬኒያም ሰማች። "ሰውየው ነካ አድርጎታል፤ ልጆቹን ዛሬውኑ ማውጣት ነው" አለች አሉ። ባሏ ነው እስከ ቀጠሮው ታገሺ ብሎ የያዛት።

ነሐሴ ደረሰ። በስብከቱ ቀን ማለዳ አያቴ ሦስቱንም ደረጃው ላይ በተርታ አስቀመጣቸው። ከኦፓል ጀመረ። ሁለቱን ጉንጉን ከጆሮዋ ጀርባ አንስቶ አናቷ ላይ አዞረው፣ አጠላለፈው፣ ጫፉን ደበቀው። ኦፓል የውኃ ባልዲው ውስጥ ፊቷን አየች። ልክ እናታቸው እንደምትሠራው ነበር፤ አንድ ፀጉር አልሾለከም። እንዳይበላሽባት የእናቷን የፀሐይ ቆብ ደፋችበት፣ እስከ ማታም አላወለቀችውም። የሪቫ ገና ሦስት ጣት ቢያድግ ነው፤ በክር አስሮ ሁለት ጉጦች አደረገላት። ግልገል ፍየል መሰለች፣ እሷ ግን ኩራቷ አይጣል። እናቴ ጉልበቶቹ መሃል ገብታ ቁጭ አለች። አልጮኸችም።

ሦስት ሰባኪዎች ተፈራርቀው ሰበኩ፤ እኛ ዘንድ አጭር ስብከት ለሟች ንቀት ነው። ከዚያ ምሳ ቀረበ፤ የተጠበሰ ዶሮ፣ ቦሎቄ፣ ቂጣ። ወንዶቹ ባንድ በኩል ሴቶቹ ባንድ በኩል ተቀመጡ። የዴልፊያ አጎት ሽማግሌው ጋርላንድ አፋቸውን ጠርገው፣ "እንግዲህ የልጆቹን ነገር እንስማ። ሉቬኒያ፣ ተናገሪ ልጄ" አሏት።

ሉቬኒያ ተነሳች። አያቴ የዶሮ አጥንት እንደያዘ ቀረ።

እሷ ገና አፏን ከመክፈቷ እናቴ ከጅረቱ በኩል እያለቀሰች መጣች። ከልጆች ጋር ስትራጭ ሹሩባዋ ተፈቷል፤ ፀጉሯ ዓይኗ ላይ ተለጥፏል። ሉቬኒያ ንግግሩን ተወችው። ከቦርሳዋ ማበጠሪያ አወጣች፣ ተንበረከከች፣ እጇን ዘረጋች።

"ነይ የኔ እናት። አክስትሽ ታበጥርሽ።"

እናቴ አጠገቧ ደረሰች። ማበጠሪያውን አየችው። ከዚያ ዘወር ብላ በሴቶቹ መሃል አለፈች፣ ወደ ወንዶቹ ሄደች፣ የአባቷ ጉልበቶች መሃል ገባችና ጀርባዋን ሰጥታው ተቀመጠች። ጠበቀች።

አያቴ አጥንቱን አስቀመጠ። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት መጎንጎን ጀመረ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ቀኙን በመሃሉ፣ ግራውን በመሃሉ። ሁሉም ክሪትን ያዩታል፣ አሁን አንድ ነገር ይላል ብለው። ክሪት ሳህኑን ያያል። አያቴ ቸኩሎ ስለነበር ሹሩባው ወደ ግራ ዘመመ፤ ቢሆንም ያዘ።

"ምን ልትዪ ነበር ሉቬኒያ?" አሉ ሽማግሌው ጋርላንድ ቀስ ብለው።

"ምንም" አለች። ማበጠሪያውን በእጇ እንደያዘች ወደ መቃብሮቹ ሄደች። እዚያ ዳር ላይ የሷ ሦስት ትንንሽ ድንጋዮች አሉ።

አያቴ ልጆቹ ቀሩለት። ሌላ ሰው ቢሆን አበጀህ እያሉ ጀርባውን መታ መታ ሲያደርጉለት ምሳውን ይጨርስ ነበር፤ እኔም ብሆን እንደዚያው ሳላደርግ አልቀርም፣ ለምን እዋሻለሁ። እሱ ግን ተነስቶ ተከተላት። ኦፓልም አባቷን ተከተለች።

"ሉቬኒያ" አላት። "አየሽው አይደል? ጠማማ ነው። ከዚህ ሌላ አላውቅም፤ አናት ላይ የሚዞረውን የዴልፊያን አልቻልኩበትም። ቅዳሜ ቅዳሜ መጥተሽ ብትሠሪያቸው።"

ሉቬኒያ ፊቷን ሳታዞር አፍንጫዋን ጠረገች። "ከበቅሎ የተማረ ሰው ከዚህ የተሻለ ምን ያውቃል" አለች።

"እሱስ እውነትሽን ነው።"

መጣች። አሥራ አምስት ዓመት፣ እናቴ እስክታገባ ድረስ፣ ዝናብ አይል በረዶ አይል፣ ቅዳሜ ሲነጋ ሸንተረሩን ተሻግራ ትመጣ ነበር። አያቴ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ማበጠሪያ በእጁ አልነካም፤ ሲጠይቁት ጠፋኝ ይላል።

ያን ዕለት ማታ ግን ገና በመንገድ ላይ ሳሉ፣ እናቴ ትከሻው ላይ ተኝታ፣ ሪቫ በቅሎዋ ላይ ሆና፣ ኦፓል ከጎኑ እየሄደች ጠየቀችው።

"አባዬ፣ ለምን ዋሸሃት? የኔን ልክ እንደ እማዬ አድርገህ ሠርተኸው የለም?"

እናቴን ትከሻው ላይ አስተካከላት።

"እኔ ሦስት አለኝ" አላት። "እሷ ምን አላት?"

በመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት የሉቬኒያ ኮቴ ከሩቅ ሲሰማ፣ ኦፓል ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ያን ልቅም ያለ ሹሩባዋን በገዛ እጇ ፈታችው።