ካሳዬና የሒሩት ገጾች

ካሳዬ ጁባ ከተማ፣ «ጁባ ና ባሪ» የሚባል ሰፈር ውስጥ ኢንተርኔት ቤት ነበረው። ነገሩ ደቡብ ሱዳን ነጻ ከመውጣቷ ሁለት ዓመት በፊት ነው፤ አንድ ገጽ እስኪከፈት ሰው ጢም ያበቅላል። ያንኑ ገጽ በማግስቱ መልሶ መፈለግማ ሌላ መከራ ነው። ስለዚህ ካሳዬ መላ ዘየደ። ደንበኛ ሲወጣ የከፈታቸውን ገጾች ከኮምፒውተሩ ለቅሞ በስሙ ፎልደር ያስቀምጥለታል። በነጻ፣ ማንም ሳይጠይቀው! እኔ ራሴ ስለ ራሰ በራነት ያነበብኩትን ሁሉ በስሜ ተደርድሮ ሳገኘው ላመስግነው ወይስ ልስደበው ጨነቀኝ።

ሒሩት ከነጭ ዓባይ ድልድይ ማዶ፣ ሸሪካት የሚባል ሰፈር፣ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነበረች። ካሳዬ እንደሚወዳት ከእሷ በቀር ሁላችንም እናውቃለን። አፍ አውጥቶ መናገር ግን ለእሱ ኋላ ቀርነት ነው፤ ፎልደሯ እያለ ምን ሊጠይቃት?

አንድ ሰሞን ፎልደሩ በቬሎ ተሞላ። ቬሎ፣ የሚዜ ልብስ፣ እንደገና ቬሎ። ሊቁ ካሳዬ ወዲያው ገባው፤ ልታገባ ነው። ቅስሙ ተሰበረ። ማንን እንደምታገባ መጠየቅ አልመጣለትም፤ ቬሎዎቹን በዋጋና በቀለም ለይቶ «የሒሩት ሰርግ» የሚል ስም ሰጣቸው። ሐዘኑን እንኳ በፎልደር ነው የተወጣው።

ስትመጣ ወንበር ስቦ አስቀመጣትና ፎልደሩን ከፈተላት። «መብሩክ» አላት፣ እንኳን ደስ ያለሽ ማለቱ ነው። «እንዳትደክሚ ብዬ ሁሉንም አዘጋጅቼልሻለሁ።»

ሒሩት መጀመሪያ ሳቀች። ከእህቷ ጋር የቬሎ ኪራይ ቤት ሊከፍቱ እንደሆነ፣ የጁባ ሙሽሮች ከካምፓላ እያስመጡ መቸገራቸውን ነገረችው። ከዚያ ከገጾቹ አንድ ሁለቱን ከፍታ ፎልደሩን ደግማ አየችውና ሳቋ ጠፋ። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ የማነብ መስያለሁ።

«ይሄን ሁሉ ስታይ ከርመህ አንድ ቀን እንኳ ምን እየሠራሽ ነው አላልከኝም» አለችው ቀስ ብላ። «እኛ ሆቴል ኢንተርኔት በነጻ አለ፤ ከዚህም ይፈጥናል። ድልድይ ተሻግሬ እዚህ ለምን የምመጣ መሰለህ?»

ካሳዬ መልሱ እዚያ ያለ ይመስል ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። ሒሩት ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ተነስ ተከተላት እንጂ አልኩት።

«መጀመሪያ የከፈተችውን ላስቀምጥላት» አለኝ።

አስቀምጦ ሲወጣ ሒሩት ቦዳ ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ላይ ተፈናጣ ሄዳለች። ሁለተኛ አልመጣችም።