ውሃው ጣፋጭ ነው በያቸው

አባቴ አሜሪካ፣ ሌዊስቪል መጥቶ ከእኔ ጋር መኖር በጀመረ በሦስተኛው ወር «ለመስከረም መልሺኝ» አለኝ። ሻዩን እያማሰለ፣ እንደ ቀላል ነገር ነው ያለው። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነበርን። እናቴ ከሞተች ሁለት ዓመት አልፏታል፣ እኔ ደግሞ ብቸኛ ልጁ ነኝ። ወረቀቱን ለመጨረስ ስንት ፎርም ሞልቼ፣ ስንት ደጅ ጠንቼ ያመጣሁት ሰው ነው። ተናደድኩ። «ምን ጎደለህ?» አልኩት፣ ፍሪጁን ከፍቼ እያሳየሁት። ሰው ሲከፋው ፍሪጅ ከፍቶ ማሳየት ምን የሚሉት ማጽናኛ እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።

«ምንም አልጎደለኝም» አለ። «መልሺኝ ብቻ።»

የጎደለውን አጥቼው አይደለም። እኔ ጠዋት ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ መራመድ ለሚያቅታቸው መንገደኞች ዊልቸር እገፋለሁ፣ ከሰዓት በኋላ አረጋውያን መጦሪያ እሠራለሁ። እሱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጦ ፓርኪንጉን ሲያይ ይውላል። ደብረ ዘይት ሠላሳ ዓመት ጋሪ የነዳ፣ ከማለዳ ጀምሮ ከፈረስና ከሰው ጋር ሲነጋገር የኖረ ሰው፣ አሁን ወሬውን የሚያወራው ከእኔ ጋር በቀን አንድ ሰዓት ነው። ያንንም እኔ ቆሜ እየበላሁ።

ስለ ጋሪው አንድ ነገር ልናዘዝ። ቤተ ክርስቲያን የሚያውቁኝ ሰዎች አባትሽ ምን ይሠሩ ነበር ሲሉኝ «እናቴ ሆስፒታል ትሠራ ነበር» እላቸዋለሁ። ጽዳት እንደነበረችም አልጨምርም። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች የሚባለው ለእኔ የተተረተ ነው። አባቴ ይህን ሳይሰማ አልቀረም፤ አንድም ቀን ግን አላነሳብኝም። እንዲያውም የአየር ማረፊያ ሥራዬን የነገርኩት ቀን ፈገግ ብሎ «እንግዲያው አንቺም ባለጋሪ ሆንሽ» አለኝ። ሳቅሁ፣ ግን አልወደድኩለትም።

ከፋሲካ ቀጥሎ በነበረው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የሌዊስቪል መውጫ አመለጠኝ። ልዞር ብዬ በሌላ መውጫ ወጣሁና ይባስ ጠፋሁ። ሕንፃው አልቆ ነጭ አጥርና ሜዳ መጣ። አባቴ ቀና ብሎ ተቀመጠ። መኪና ውስጥ ልማድ አለው፤ ፍሬን ስይዝ እጆቹ ልጓም እንደያዘ ሰው ወደ ኋላ ይሳባሉ። አንድ በር ጋ ስንደርስ ፊኛ የታሰረበት ሰሌዳ አየና ምን እንደሚል ጠየቀኝ። «ኦፕን ሀውስ» ይላል። ሰባት ዓመት አሜሪካ ስኖር ከአፓርታማ በቀር ቤት ፈልጌ አላውቅም፤ እንዳለ ተረጎምኩለት።

«ክፍት ቤት ይላል።»

«ለማን?»

«ለሁሉም ሰው መሰለኝ፣ አባዬ። ሰዓቱም ተጽፏል፣ እስከ አስር ሰዓት።»

«ድግስ ነው ማለት ነው። ቤታችን ክፍት ነው ብሎ ደጁ ላይ የጻፈ ሰው ጋ ሳይገቡ ማለፍ ነውር ነው። አቁሚ።»

«ቆይ ፓርክ ላድርግ» አልኩ። ጠፍቼም ስለነበር መንገድ እጠይቃለሁ ብዬ ነው። አባቴ ከኋላ ወንበር ከቤተ ክርስቲያን የተሰጠንን ግማሽ ድፎ ዳቦ አንሥቶ ነጠላውን አስተካከለ። ባዶ እጅ አይገባም።

ቤቱ የድሮ ነው። ባለቤቱ አያታቸው መኪና ሳይኖር እንዳሠሩት በኋላ ነግረውናል። ነጭ የእንጨት ቤት፣ ሁለት ፎቅ፣ በረንዳው ዙሪያውን ይሄዳል። ውስጡ ጣሪያው ሩቅ ነው፣ በየክፍሉ ምድጃ አለ፣ የደረጃው መደገፊያ ከመቶ ዓመት መዳፍ የተነሣ ለስልሷል። በር ላይ ቀይ ኮት የለበሰች ሴት ወረቀት ሰጠችንና ባንክ ፈቅዶልን እንደሆነ ጠየቀችኝ። እንግድነት የባንክ ፈቃድ የሚጠይቅበት አገር መምጣቴን እያሰብኩ ወረቀቱን አነበብኩት። ስድስት መኝታ ቤት፣ የፈረስ ጋጥ፣ የግጦሽ መሬት፣ የሚሸጥ።

«አባዬ፣ የሚሸጥ ቤት ነው። እንውጣ።»

አባቴ አጠገቤ የለም። ዳቦውን ለሴትዮዋ አስታቅፎ በጓሮ በር ወጥቷል።

ጋጡ ውስጥ አገኘሁት። ጋጡ ለስምንት ፈረስ የተሠራ ነው፣ የቀረችው ግን አንዲት ያረጀች ቡላ ባዝራ ብቻ ናት። በረጅም ዱላ የተደገፉ ሽማግሌ ቆመው ያዩታል፤ የቤቱ ባለቤት ናቸው። አባቴ የባዝራዋን የፊት እግር አንሥቶ ጉልበቱ ላይ አስቀምጧል። በእጁ ምልክት ሲሰጣቸው ሽማግሌው ከግድግዳ ላይ የሰኮና መፋቂያ አውርደው አቀበሉት። ጥቂት ፈለገና የባቄላ ፍሬ የምታህል ጠጠር ከሰኮናዋ ስር አወጣ። ባዝራዋ እግሯን አወረደች፣ ቆየት ብላ ክብደቷን ጣለችበት። እያነከሰች ሳምንት ሆኗታል አሉኝ ሽማግሌው፤ እሳቸው ዳሌያቸው ታሞ ጎንበስ ማለት አይችሉም። አባትሽ ምን ነበሩ ብለው ጠየቁኝ።

«ፈረሶች ነበሩት» አልኩ። አንድ ፈረስ ነበረው፤ ሲሞት ሌላ ይገዛል።

ሽማግሌው ደላላዋ ግራ ገብቷት የያዘችውን ድፎ ዳቦ አስመጥተው እዚያው ቆርሰው በሉ። ቤቱን የሚሸጡት ፕሌኖ ከተማ ያለችው ልጃቸው አጠገቧ ክፍል ስላዘጋጀችላቸው ነው። አንድ ነገር ብቻ አጥብቀው ይዘዋል፤ የሚገዛው ሰው ባዝራዋን እስክትሞት እዚያው ሊያኖራት ነው። በዚህ ምክንያት ስንት ገዢ ሸሽቷል። እስኪሸጥ ድረስ አባትሽ እየመጡ ቢያይዋትስ አሉኝ። ለአባቴ ስነግረው ባልዲ አንሥቶ ውሃ ፍለጋ ሄደ።

እንዲህ ተጀመረ። በሳምንት ሦስት ቀን ሽማግሌው በፒካፕ እየመጡ ይወስዱታል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ አደርሰዋለሁ። የሚግባቡበት ቋንቋ የለም፣ ቀኑን ሙሉ ግን ያወራሉ። አባቴ ለባዝራዋ በአማርኛ «ቁሚ» ሲላት ትቆማለች። ሽማግሌውም ቃሏን ለምደው ለሁሉም ነገር ይጠቀሙባታል፤ አንድ ቀን ለደላላዋም «ቁሚ» ሲሏት ሰምቻለሁ። አባቴ ማታ ፀሐይ መትቶት ይገባል፣ ሁለት ሰው የሚበላውን ይበላል። «መልሺኝ» የምትለዋን ግን አልተዋትም። ሰኔ ላይ «ትኬቱን ጠየቅሽ ወይ?» አለኝ። አልጠየቅሁም። ቤቱ ሳይሸጥ መስከረም ካለፈ ይቀራል ብዬ ለራሴ ወሰንኩ። የሰው ቤት እንዳይሸጥ ስለት የተሳለ ሰው ካለ እኔ ነኝ።

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ፣ አንድ የሚያቃጥል ቅዳሜ፣ ባልና ሚስት መጡ። ሴትዮዋ ከመኪናው እንደወረደች ቤቱን ሳታይ ወደ ባዝራዋ ነው የሄደችው። ግንባሯን አላሸቻትም፤ እጇን ዘርግታ እስክታሸታት ጠበቀች። አባቴ ያንን አይቶ ፊቱ በራ። ሽማግሌው ሐኪም ዘንድ ሄደዋል፣ ደላላዋ ወጥ ቤት ስልክ ይዛለች። አባቴ እንደ ጋባዥ ወደፊት ወጣና ክንዴን ያዘኝ።

«ውሃው ጣፋጭ ነው በያቸው። ከጉድጓድ የሚወጣ ነው፣ ክረምቱን ሁሉ ጠጥቼዋለሁ። ጋጡም ዝናብ አይገባበትም፣ የሰኔው ዶፍ ሲወርድ እዚህ ነበርኩ በያቸው።»

አፌን ከፈትኩ። የወጣው ነገር ይኸው ነው፤ ውሃው ይሸታል፣ ዝናብ ሲዘንብ ጋጡ በውሃ ይሞላል፣ ባዝራዋ የታመመችውም በዚሁ ነው፤ ይላል አባቴ አልኳቸው። ይህን ሁሉ ስናገር አባቴ አጠገቤ ቆሞ፣ የተረጎምኩለት መስሎት፣ በፈገግታ ራሱን እየነቀነቀ ያጸድቅልኝ ነበር። ክፉ ሥራ ሠርቼ አውቃለሁ፣ እንደዚያች ደቂቃ ግን አፍሬ አላውቅም። ሴትዮዋ ባሏን አየችው። አመስግነው ሄዱ።

መኪና ውስጥ ገብተን ጥቂት እንደሄድን «ምን አልሻቸው?» አለኝ።

«ያልከኝን ነዋ።»

«ፈረስ ጆሮውን ወደ ኋላ ሲያጥፍ አውቃለሁ፤ የሴትዮዋ ፊት እንደዚያ ነው የሆነው። ምን አልሻቸው?»

ነገርኩት። አንድም ሳላስቀር ነው የነገርኩት፣ «ይላል» ማለቴን ጭምር። ለምን እንዳደረግኩት ግን አልጠየቀኝም፣ እኔም አልተናገርኩም። ሌዊስቪል እስክንደርስ ፍሬን ስይዝ እጆቹ አልተንቀሳቀሱም። ደረጃው ስር ቆም አለና «ሠላሳ ዓመት ጋሪዬ ላይ የወጣ ሰው ዋሸኝ ብሎኝ አያውቅም» አለ። «ነገ ለደላላዋ ደውይላት።»

«ኦኬ፣ ኮል አደርጋታለሁ። እንግሊዝኛዬ ተሳስቶ ነው እላታለሁ።»

«በእንግሊዝኛ አታሳብቢ።»

ደወልኩ። ተሳሳትኩ ብቻ አልኳት፤ እውነቱን ለመናገር ድፍረቱ አልነበረኝም። ባልና ሚስቱ ለመመለስ ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው። ነሐሴ ሊያልቅ ነበር፤ አባቴ በዚያው ሳምንት ሻንጣውን ከአልጋው ስር አውጥቶ አራግፎታል።

ጓሮው ውስጥ ካለው የፒካን ዛፍ ስር ቆምን። ባልና ሚስቱ፣ ሽማግሌው በዱላቸው፣ ደላላዋ፣ እኛ። አባቴ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል። ሽማግሌው ቀድመው እሱ ይናገር አሉ፤ ከባዝራዋ ጋር የዋለው እሱ ነው። አባቴ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር እየቆረጠ ሰጠኝ፣ እኔም ሳልጨምር ሳልቀንስ አደረስኩ። ውሃው ጣፋጭ ነው። ጋጡ ዝናብ አይገባበትም። በስተምዕራብ ያለው አጥር ግን በስብሷል፣ መቀየር አለበት። ባዝራዋ ብርድ ሲሆን ግራ እግሯን ያማታል፣ ታጋሽ ሰው ትፈልጋለች።

«ይህን የምለው ባለጋሪ ስለነበርኩ ነው በያቸው» አለ።

ጋሪ ምን እንደሆነ ማስረዳት ነበረብኝ። ሁለት ጎማ ያላት፣ አንድ ፈረስ የሚጎትታት፣ ሰው የሚሳፈርባት፤ የአባቴ ሥራ ይህ ነበር አልኳቸው። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ። ሴትዮዋ ፈረሱስ እንዴት ያለ ነበር ብላ ጠየቀችው፣ አባቴም በደስታ ነገራት። ማንም አልሳቀብኝም። ሰባት ዓመት የደበቅሁት ነገር በሁለት ደቂቃ አለቀ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቤቱን የገዙት እነሱው ናቸው፣ ባዝራዋም እዚያው ቀረች። ያን ቀን ግን አባቴ ንግግሩን አልጨረሰም ነበር። ጨርሷል ብዬ ወደ መኪናው ስዞር ክንዴን ያዘኝ።

«ባለፈው የዋሸችው ልጄ ናት በያቸው።»

«አባዬ...»

«በያቸው።»

አልኳቸው። እሱ «ልጄ» ያለውን እኔ «እኔ» እያልኩ። ደላላዋ ወረቀቷን አጠፈች።

«የዋሸችው ቤቱ ከተሸጠ አባቴ ይሄድብኛል ብላ ነው።»

እንዴት አወቀ? አንድም ቀን አልነገርኩትም። ተረጎምኩ። አባቴ እኔን አያየኝም፤ ሴትዮዋን እያየ ነው የሚናገረው።

«እኔ ደግሞ ልሂድ ያልኩት ሸክም የሆንኩባት መስሎኝ ነው። ሁለት ሥራ ሠርታ ትገባለች። ቁጭ ብላ እንኳ አትበላም። ያ ሁሉ በእኔ የመጣ መሰለኝ። እንዲህ እንደምትፈልገኝ አላወቅሁም ነበር በያቸው።»

ቆራርጬ፣ እንባዬን በክንዴ እየጠረግሁ ነገርኳቸው። ሽማግሌው ዱላቸውን አየት አየት አደረጉ።

«አልሄድም በያቸው።»

«አይሄድም» አልኳቸው።

ሴትዮዋ በለሆሳስ የት ነው የማይሄዱት ብላ ጠየቀችኝ። ልመልስላት ብል እንግሊዝኛውም አማርኛውም ጠፋኝ። አባቴ ጥያቄ መሆኑን ከፊቷ አየ። ምን እንደተጠየቀ ሳይገባው፣ ከሚያውቃት ጥቂት እንግሊዝኛ ውስጥ ፈልጎ፣ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ ራሱ መለሰላት።

«ማይ ዶተር» አለ።