ሦስት ሳምንት ዝምታ

ሚስቴ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ናት። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ስድሳና ሰባ ሕፃን ፊት ቆማ ፊደል አስቆጥራለች። ባልደረቦቿ «ደወሏ» ይሏታል። የትምህርት ቤቱ ደወል የተበላሸ ዕለት ርዕሰ መምህሩ በር ላይ አቁሟት ልጆቹን በእሷ ድምፅ አስጠራ ይባላል። እሷ ውሸት ነው ትላለች። እኔ ግን አምናለሁ፤ ስንት ጊዜ ከቤታችን ደጃፍ ጠርታኝ፣ መንገድ ማዶ ደንበኛ ቤት መታጠቢያ ሥር ተኝቼ ቧንቧ ስጠግን ሰምቻታለሁ።

ድምፅዋ መሻከር ሲጀምር ብርድ ነው ተባባልን። ወር አለፈ፣ ሁለት ወር አለፈ። ሐኪም ቤት ሂጂ ስላት ፈተናው ይለቅ ትለኛለች፤ ፈተናው ሲያልቅ እርማት፣ እርማቱ ሲያልቅ የእናቴ የዓይን ቀጠሮ፣ ከዚያ የትንሿ ልጃችን ጥርስ። እውነቱን ለመናገር እኔም አጥብቄ አልያዝኳትም። ቤቱ በእሷ ነው የሚዞረው፤ አንድ ቀን ብትቆም ምን እንደሚውጠን ጠንቅቄ አውቅ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ክፍል ውስጥ አፏን ብትከፍት ምንም አልወጣም። ልጆቹ ጨዋታ መስሏቸው ስድሳ አምስቱም አፋቸውን ከፍተው ዝም አሉ። ይህን ወረቀት ላይ ጽፋ ስታስነብበኝ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። እሷ አልሳቀችም።

የጉሮሮ ሐኪሟ ቀጭን ካሜራ በአፍንጫዋ አስገብታ የድምፅ አውታሯ ላይ ያበጡትን ሁለት ቦታዎች አሳየችን። ከዚያ ወደ ሚስቴ ዞራ «ሦስት ሳምንት ዝምታ» አለቻት። «አፍ እንደሌለዎት ይቁጠሩት። አለዚያ ይህ ድምፅ ወደ ክፍል አይመለስም። ጥያቄ ካለ ይደውሉልኝ።»

በታክሲ ስንመለስ እኔ ጭንቀት ሊገድለኝ ነው፣ እሷ ግን ፈገግ ትላለች። ቤት ስንደርስ አሮጌውን ወንበር ከዕቃ ቤት አውጥታ ጠረገችና የጠዋት ፀሐይ የሚያርፍበት ጓሮ አኖረችው። ሁለት ዓመት ሙሉ «አነበዋለሁ» ስትል የከረመችውን መጽሐፍ አወረደች። አንድ ደብተር ገዛች፤ ከእኛ ጋር መነጋገሪያ። ከታመመች ወዲህ ቀርቶ ከተጋባን ወዲህ እንዲህ ቀለል ብሏት አይቻት አላውቅም።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ደህና ሄዱ። ትልቋ ልጄ እያጉረመረመችም ቢሆን ቁርስ መሥራት ጀመረች። እኔም እነሆ፣ የትንሿን ፀጉር አበጠርኩ፤ ሳበጥር ስላለቀሰችው ለቅሶ ባላወራ ይሻላል። ሚስቴ ጓሮ ተቀምጣ ታነባለች።

በአራተኛው ቀን እናቴ አኮረፈች። አብራን ነው የምትኖረው፤ ዓይኗ ደክሟል፣ ደብተር ላይ የተጻፈ ነገር አይታያትም። የትኛውን ኪኒን ጠዋት፣ የትኛውን ከምሳ በኋላ እንደምትውጥ የምታውቀው ሚስቴ ብቻ ናት። እኔ ልንገራት ብል ሁለቱንም ኪኒን አምታታሁት።

«ሹክ ትበለኝ» አለች እናቴ። «ሹክ ማለት ደግሞ መናገር ነው? ዶክተሯ አትጩኺ ነው ያለቻት።»

ሚስቴ እኔን አየችኝ። ደብተሯን ከፍታ፣ ዶክተሯን ደውለህ ጠይቅልኝ ብላ ጻፈች። እሺ አልኳት።

አልደወልኩም። የዚያን ዕለት አንድ ሆቴል ውስጥ ቧንቧ ፈንድቶ ላብ በላብ ሆኜ ዋልኩ። ያ ግን ሰበብ ነው፤ ለምሳ ተቀምጬ ስልኬን ይዤ ኳስ አይቻለሁ። ስመለስ በዓይኗ ጠየቀችኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ «ጠይቄያለሁ፣ በሹክሹክታ ከሆነ ችግር የለውም ብላለች» አልኳት። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ስንት ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። መልሱ አያኮራም፤ በሦስት ቀን ውስጥ ደክሞኝ ነበር፣ ሚስቴ ወደ ቦታዋ እንድትመለስልኝ ፈልጌ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቤቱ በሙሉ ሹክሹክታ ሆነ። ያልታዘዝነውም ድምፃችንን ዝቅ አደረግን፤ ጎረቤታችን ሰው የሞተብን መስሏት እንባዋን አዘጋጅታ ገባች። ሚስቴ በሹክሹክታ ኪኒን አደለች፣ በሹክሹክታ ሒሳብ አስጠናች፣ የልጆቹን ጠብ ዳኘች፣ እሷን የተካችው መምህርት በስልክ ስትጠይቃት መለሰች። እኔም መፍቻዬ የት እንደገባ ጠየቅኋት፤ ነገረችኝ። ጓሮ ያለው ወንበር ላይ የቧንቧ ቁርጥራጭ ማስቀመጥ ጀመርኩ፤ ማንም አይቀመጥበትማ።

ሦስቱ ሳምንት ሲያልቅ አብረን ተመለስን። ሐኪሟ ምስሉን ለረጅም ጊዜ አየች።

«ተናግረዋል?» አለቻት።

ሚስቴ ራሷን ነቀነቀችና ጻፈች፤ ሹክሹክታ ብቻ፣ እርስዎ ፈቅደውልኝ።

«እኔ?» አለች ሐኪሟ። «ሹክሹክታ እኮ አንዳንዴ ከመናገር ይብሳል፤ አውታሩን አፍኖ ነው የሚያሠራው። ማን ነው የፈቀደልዎት?»

ሚስቴ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «አልደወልኩም።»

ሐኪሟ እኔን ማየት ትታ ለእሷ አስረዳቻት። ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል። ከዚያ ወዲያ ስድስት ሳምንት ፍጹም ዝምታ፣ ከዚያ ለብዙ ወራት በቀን ሃያ ደቂቃ ብቻ መናገር። ክፍል ይመለሳሉ ብዬ ግን ልዋሽዎት አልችልም አለቻት።

መንገድ ላይ አላለቀሰችም። ታክሲው መብራት ላይ ሲቆም አንድ መስመር ጽፋ ገጹን ቀደደችና ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። «ዝምታውን የፈለግሁት ለጉሮሮዬ ብቻ አልነበረም» ይላል።

ቀዶ ጥገናው ደህና ሆነ። በስድስቱ ሳምንት ማንም ደጇ እንዳይደርስ እንደ ዘበኛ ጠበቅሁ፤ ኪኒኑን በቀለም ለይቼ ተማርኩ፣ እናቴንም ተቆጣሁ። አሁን ትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት አስገብቷታል፤ ማኅተም ትመታለች። የእሷን ክፍል ሌላ ሰው ይዞታል። በእረፍት ሰዓት የድሮ ተማሪዎቿ በመስኮት ሲጠሯት እጇን ታውለበልባለች።

ሃያው ደቂቃ የተፈቀደላት ዕለት እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ ዝርዝር አወጣሁ፤ አምስት ለእናቴ፣ አሥር ለልጆቹ፣ ለኔ የቀረችው አምስት። አነበበችው፣ አጣጥፋ መለሰችልኝ።

በየቀኑ ከሥራ ስትመለስ መኝታ ክፍል ትገባና በሩን ትቆልፋለች። ሻካራና ቀጭን ሆኗል ድምፅዋ፤ ምን እንደምትል ውጭ ላለ ሰው አይለይም። አንዳንዴ ትስቃለች። እናቴ ኮሪደሩ ላይ ወንበሯን አስጠግታ ታደምጣለች፤ «ከማን ጋር ነው የምታወራው?» ትለኛለች። ከራሷ ጋር እላታለሁ። ሃያው ደቂቃ ሲያልቅ ቁልፉ ይዞራል፣ ትወጣለች፣ ራት እናቀርባለን፣ ዝም ብለን እንበላለን።

ባለፈው ሳምንት አላስቻለኝምና ለመንኳት። ከሃያው አንዷን ደቂቃ ለኔ ስጪኝ፣ መስደብም ከሆነ ስደቢኝ አልኳት። ብዙ አሰበች፤ መቼም ጨካኝ አይደለችም። ከዚያ «ሲተርፍ» ብላ ጻፈችልኝ።

እኔም በየቀኑ በሩ አጠገብ እቆማለሁ። እስካሁን አልተረፈም።