መስፋቱን ያልሰማው ጆሮዬ

ልጅ ሳለሁ፣ ለእኔ ጭሮ ከተማ ማለት የልብስ ሰፊው የአባባ ሙሜ በረንዳ ነበር። ያኔ መብራት ገና በጊዜ ስለሚጠፋ፣ ፋኖሳቸውን የስፌት መኪናው ጠርዝ ላይ ያኖሩና የካውያውን ከሰል እፍ እያሉ፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኦሮምኛ፣ ስለ ጅብና ስለ ጦጣ ያጫውቱን ነበር። የፍሙ ጭስ ካውያ ከነካው እርጥብ ጨርቅ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ።

አንድ ጊዜ እናቴ በሐሞት ጠጠር ታማ ሆስፒታል ቀጠሮ ተሰጣት። ጎረቤታችን ለባሏ «በቀቅሰኒ ሆዹ ሊያደርጉላት ነው» ስትል ሰማሁ። በቀቅሱን አውቀዋለሁ፣ እንጨት መሰንጠቅ ነው። ኦሮምኛዬ ገና አልጠናምና «ሆዹ» የሚለውን ግን ሆድ ብዬ ሰማሁት። እናቴን እንደ ማገዶ ሆዷን ሊሰነጥቁብኝ መስሎኝ የቀጠሮ ካርዷን ሰርቄ አባባ ሙሜ ቁርጥራጭ ጨርቅ የሚያጠራቅሙበት ከረጢት ውስጥ ቀበርኩት።

ቀጠሮው በማግስቱ ነበርና ቤታችን ካርድ ፍለጋ ሲታመስ ዋለ። አመሻሹ ላይ አባባ ሙሜ ለኪስ የሚሆን ጨርቅ ሲፈልጉ አገኙት። አልተቆጡም። ለምን እንደደበቅኩት እያለቀስኩ ስነግራቸው ሳቁ፤ ሳቃቸው አናደደኝ።

«ሆዹ ሆድ አይደለም ልጄ፣ መስፋት ነው። የኔ ሥራ» አሉኝ። «በአማርኛም ቀዶ ጥገና አይደል የሚሉት? መቅደዱን ሰማሽ። መስፋቱን ለምን አልሰማሽም?»

ያን ምሽት ተረት ሳልሰማ ሮጬ ሄድኩና ካርዱን ለእናቴ ሰጠኋት። ከሳምንት በኋላ ተሰፍታ፣ ድና ተመለሰችልኝ። ከዚያ ወዲህ ቃሉ የሁለታችን ሆነ። በረንዳው ላይ ሰው ሰውን በክፉ ንግግር ሲያቆስል ከሰሙ «ቀደድከው፤ ጥገናውስ?» ይሉትና እኔን በዓይናቸው ይጠቅሱኝ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ለእሳቸውም ያው ቀዶ ጥገና ታዘዘላቸውና ሐረር ወሰዷቸው። መታመማቸውን ሰምቼ፣ ፈተና ላይ ነኝ ብዬ ቀረሁ። አልጋቸው ላይ ሆነው ክፉኛ ፈርተው እንደነበር፣ «ያቺ ልጅ አልመጣችም?» እያሉ ይጠይቁ እንደነበር ልጃቸው የነገረችኝ ከቀብራቸው በኋላ ነው።

ከተረቶቻቸው ብዙዎቹን ረስቻለሁ፤ እሳቸው ግን በጣም ይናፍቁኛል። ብሄድ ኖሮ ምን እላቸው እንደነበር አላውቅም። ምናልባት ምንም። አጠገባቸው ግን ቁጭ እል ነበር።